«ቀጥሎ ምን ላንብብ?» ላለን ልጅ ምን መለስንለት?



ከጁሙዓ ሰላት በኋላ መስጊድ በር ላይ ጥቂት ቆም ብላችሁ ታውቃላችሁን? ከሽቶው፣ ከሙስበሓውና ከመስገጃው ጎን፣ በሸራ ላይ የተደረደሩ መጻሕፍት አሉ። አንድ አባት ጎንበስ ይልና «ለልጄ የሚሆን ጥሩ መጽሐፍ ስጠኝ» ይላል። ሻጩም ፈጠን ብሎ አንዱን ያነሳና «ይኼ በጣም ጥሩ ነው፤ ሰው ሁሉ እየወሰደው ነው» ይለዋል። አባት ይከፍላል፣ ይሄዳል። ልጁ ስንት ዓመቱ ነው? ከዚህ በፊት ምን አንብቧል? ምን ይወዳል? ምን ያስቸግረዋል? ማንም አልጠየቀም። ሻጩ መጽሐፉን አላነበበውም፤ አባትም አያነበውም፤ ልጁም ከሦስተኛው ገጽ አያልፍም።

መድኃኒት ቤት ገብተን «ለልጄ ጥሩ መድኃኒት ስጠኝ» ብንልስ? ባለሙያው «ምኑን ነው ያመመው? ዕድሜውስ?» ብሎ ይጠይቀናል። ሳይጠይቅ አንስቶ ቢሰጠን «ይህ ሰው ልጄን ሊገድል ነው!» ብለን እንጮሃለን። ለሆድ የምንጠነቀቀውን ያህል ለአእምሮና ለልብ ሳንጠነቀቅ መቅረታችን ለምን ይሆን?

አላህ (ሱ.ወ.) በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ ያወረደው የመጀመሪያ ትዕዛዝ «አንብብ» የሚል መሆኑን በየመድረኩ እንናገራለን። መናገሩንስ ተክነንበታል። ትዕዛዙን የተቀበለ ልጅ መጥቶ «እሺ፣ ምን ላንብብ?» ሲለን ግን መልስ ያጥረናል፤ ወይም ደግሞ የመጣልንን እንመልስለታለን። የዚህ ጽሑፍ ክስም ይኸው ነው። መጽሐፍ መምከር ምስክርነት ነው፤ እኛ ግን ሳናይ የምንመሰክር ሆነናል። ተከሳሾቹ ሩቅ አይደሉም። ሻጩ አለ፤ ዳዒው አለ፤ አባትና እናት አሉ፤ ከሁሉም በፊት ደግሞ እኛ መምህራን አለን።

ሳያነብ የሚመሰክር

እስቲ ራሳችንን እንመርምር። ባለፈው ዓመት ለሰው «አንብበው» ካልነው መጽሐፍ ውስጥ እኛ ከዳር እስከ ዳር ያነበብነው ስንቱን ነው? አንዱን በርዕሱ መክረናል። ሌላውን የሽፋኑ ወርቃማ ጽሑፍ ስላማረን፣ ሦስተኛውን ደራሲው ከእኛ ወገን ነው ስለተባልን መክረናል። ዛሬ ደግሞ ነገሩ ይብስ ቀልሎ መቶ ኪታብ በአንድ ጊዜ በስልክ ይላላካል። ላኪው አላነበበውም፤ ተቀባዩም አይከፍተውም፤ ሁለቱም ግን ለዕውቀት የሠሩ ይመስላቸዋል።

የሰማውን ሁሉ የሚያወራ ሰው ለውሸታምነት ያ ብቻ እንደሚበቃው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። ኢማሙ ሙስሊም (ረሒመሁላህ) ይህን ሐዲስ ያሰፈሩት በሶሒሓቸው መግቢያ ላይ ነው። የሐዲስ ሊቃውንት አንድን ዘገባ ከመቀበላቸው በፊት ዘጋቢው ማን እንደሆነ፣ ከማን እንደሰማ፣ ትውስታው እንዴት እንደነበረ ይመረምሩ ነበር። ለዚህም ራሱን የቻለ ትልቅ ዕውቀት አቋቋሙ። የእነዚያ ሰዎች ወራሾች ነን የምንል እኛ፣ «ይህ መጽሐፍ ጥሩ ነው» ስንባል «አንተ አንብበኸዋል ወይ?» ብለን መጠየቅ እንኳን እንደ ብልግና ቆጠርነው!

ለመጽሐፍ ሻጮቻችንም አንድ ቃል አለኝ። ሙያችሁ ክቡር ነው። ኢብኑ ነዲም የተባለው የባግዳድ ሰው በመጽሐፍ መቅዳትና መሸጥ ሥራ የኖረ ነበር። በ377 ዓ.ሂ. (987 እ.ኤ.አ.) ያዘጋጀው «አል-ፊህሪስት» በዘመኑ በዐረብኛ የሚታወቁትን መጻሕፍት በየዘርፋቸው ከነደራሲዎቻቸው የመዘገበ ነው። ሊቃውንት ከሺህ ዓመት በኋላም ይጠቀሙበታል። አንድ ሻጭ የሚሸጠውን ሲያውቅ ለኡማው ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። ከእናንተ ፊህሪስት አንጠብቅም። ያላነበባችሁትን «አላነበብኩትም» እንድትሉ ብቻ እንለምናችኋለን።

የእኔ ጥፋት

ሌላውን ከስሼ ራሴን ነፃ ላወጣ አልተነሳሁም። ከማስተምርባቸው ልጆች አንዷ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሕይወት የሚተርክ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ በሁለት ቀን ጨርሳ መጣች። ዓይኖቿ ያበሩ ነበር። «ኡስታዝ፣ ቀጥሎ ምን ላንብብ?» አለችኝ።

በዚያች ደቂቃ የተሰማኝን ልንገራችሁ፤ ኩራት ነው የተሰማኝ። አዋቂ መስሎ መታየት ፈለግሁ። ስለዚህ በወቅቱ ወንድሞች በየቦታው ሲያሞግሱት የሰማሁትን አንድ ወፍራም ትርጉም ጠራሁላት። እኔ ግን አላነበብኩትም ነበር። አባቷ ገዛላት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መጽሐፉን በፌስታል ይዛ መጣች። አንገቷን ደፍታ «ኡስታዝ፣ እኔ ማንበብ የምችል አይመስለኝም» አለችኝ።

ልብ በሉልኝ! «መጽሐፉ ለእኔ አይሆንም» አላለችም። «ኡስታዝ ተሳስተዋል» ለማለትማ አደቧ አልፈቀደላትም። ጥፋቱን በራሷ ላይ ወሰደችው። የዚያን ዕለት ማታ መጽሐፉን ከፍቼ ማንበብ ጀመርኩ። የረድ መጽሐፍ ነው። እሷ ስማቸውን ሰምታ የማታውቃቸው ሁለት ወገኖች፣ ሰምታው በማታውቀው ጉዳይ ይሟገታሉ። አንዱ ሌላውን ይሰድባል። እኔ ራሴ አርባኛው ገጽ ላይ ደከመኝ። የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሕይወት አንብባ ልቧ የሞቀ ልጅ «ጨምሩልኝ» ብትል፣ እኔ ከማታውቃቸው ሰዎች ጠብ ውስጥ ጣልኳት።

መጽሐፍ ሳያነቡ መምከር ጉዳቱ ምኑ ላይ ነው የሚል ካለ መልሱ ይኸው ነው። ገንዘብ መባከኑ ቀላሉ ኪሳራ ነው። ዋናው ኪሳራ የማንበብ ፍላጎቱ የተዘጋ ልጅ ነው፤ በሩን የዘጋነው እኛ እንደሆንን ደግሞ አያውቅም።

አባቶቻችን እንዴት ያደርጉ ነበር?

«ቀጥሎ ምን ይነበባል?» የሚለው ጥያቄ ለእኛ እንግዳ ሊሆን ባልተገባው ነበር። የሀገራችን የቂርኣት ሥርዓት የቆመው በዚሁ ጥያቄ ላይ ነውና። በሻፊዒይ ፊቅህ የሚቀራ ደረሳ በ«ሰፊነቱ-ነጃ» ጀምሮ ወደ «አቡ ሹጃዕ»፣ ከዚያም እያለ ወደ «ሚንሃጅ» ይወጣል። በነሕው ደግሞ ከ«አጅሩሚያ» ተነስቶ ወደ ኢብኑ ማሊክ «አልፊያ» ይደርሳል። የመሰላሉ ደረጃ ከቦታ ቦታ ቢለያይም መሰላል መሆኑ ግን አንድ ነው። ትንሹን ሳያኸትም ትልቁን የሚያነሳ ደረሳ የለም። ቀጣዩን የሚነግረውም ኪታቡን ደጋግሞ ያቀራው ሸይኽ ነው። ሸይኹ ኪታቡንም ያውቃል፤ የደረሳውን አፍም በየቀኑ እያቃና ስለሚሰማው ልጁንም ያውቃል። ሁለቱ ዕውቀቶች በአንድ ሰው ዘንድ ይገናኛሉ። ምስክርነት ማለት ይህ ነው።

በየመድረሳው የሚታወቀው የዘርኑጂ «ተዕሊሙል ሙተዐሊም» ተማሪው የሚማረውን ነገር በራሱ ከሚመርጥ ለመምህሩ ቢተው እንደሚሻለው ይመክራል፤ ምክንያቱም መምህሩ የተማሪውን ተፈጥሮና የሚስማማውን ያውቃል። ኢብኑ ኸልዱንም በ779 ዓ.ሂ. (1377 እ.ኤ.አ.) በጻፉት «ሙቀዲማ» ዕውቀት በደረጃ ካልተሰጠ ጀማሪው እንደሚታክትና ዕውቀቱን እንደሚተወው አስጠንቅቀዋል። ጥፋቱ ከአሰጣጡ ሆኖ ሳለ ተማሪው ዕውቀቱ በራሱ ከባድ የሆነ ይመስለዋል ይላሉ። ያቺ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ የደረሰባትን እኚህ ሰው ከስድስት መቶ ዓመት በፊት ያውቁት ነበር። እኔ ግን አላወቅሁትም!

በበድር ዘመቻ ማግሥት፣ በ2 ዓ.ሂ.፣ ገንዘብ የሌላቸው ግን መጻፍ የሚያውቁ ምርኮኞች እያንዳንዳቸው አሥር የመዲና ልጆችን በማስተማር እንዲለቀቁ መደረጉን ኢብኑ ሰዕድ ዘግበዋል። ቤዛው የሚጠናቀቀው ልጆቹ ጽሕፈቱን ሲችሉት ነበር። ምርኮኛው «ነገርኳቸው» ብሎ አይለቀቅም። እኛ ነፃ ሰዎች ግን የመጽሐፍ ርዕስ ጠርተን ዕዳችንን የከፈልን ይመስለናል።

አሮጌው መሰላል ለሁሉም በቂ ነበር እያልኩ ግን አይደለም። ዐረብኛ ላልዘለቀ ሰው ከባድ ነበር። ከቤቱ ርቆ ለመክረም ያልቻለ፣ በተለይም ብዙዎቹ እናቶቻችንና እህቶቻችን፣ ከታችኛው ደረጃ አላለፉም። የቁርኣን ትርጉም በአማርኛ ታትሞ የወጣው በ1961 ዓ.ም. ነው። ከ1983 ዓ.ም. በፊት በአማርኛ የሚገኘው ኢስላማዊ መጽሐፍ በጣት የሚቆጠር እንደነበር ታላላቆቻችን ይነግሩናል። ያን ጊዜ ችግሩ መጽሐፍ ማጣት ነበር። አሁን አልሐምዱሊላህ መጽሐፉ በዛ፤ መሰላሉ ግን ተረሳ። ሳይቆጠር የፈሰሰ እህል ጎተራ አይሞላም።

«ከእኛ ወገን ውጭ አታንብቡ»

እዚህ ላይ አንዳንድ ወንድሞች «መፍትሔው ቀላል ነው፤ የእኛን ሰዎች መጻሕፍት ብቻ ያንብቡ፣ ሌላውን ይተዉ» ይላሉ። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም። ዲንን ከማን እንደምንወስድ መጠንቀቅ የሰለፎች ምክር ነው። መሠረት ያልያዘ ልጅ እጅ ውስጥ የገባ የተሳሳተ መጽሐፍ ጉዳት እንደሚያደርስም አልክድም። ለዚህ ነው መሠረቱ ይቅደም የምንለው።

ነገር ግን ጥንቃቄና ወገንተኝነት አንድ አይደሉም። ዘመኽሸሪ (በ538 ዓ.ሂ. የሞቱ) ሙዕተዚላ ነበሩ። «አል-ከሽሻፍ» የተባለው ተፍሲራቸው ግን በበላጋ ዕውቀቱ አቻ የለውም ተብሎ ይነገርለታል። የአህሉ ሱና ዑለማ ምን አደረጉ? ኢብኑል ሙነይር የተባሉት የእስክንድርያ ማሊኪ ሊቅ (በ683 ዓ.ሂ. የሞቱ) ገጽ በገጽ ተከታትለው የኢዕቲዛሉን ቦታ የሚያመለክት «አል-ኢንቲሷፍ» የተባለ ኪታብ ጻፉ። በይዷዊም ለተፍሲራቸው ከከሽሻፍ ብዙ ወስደዋል፣ ስሕተቱን እያጠሩ። እነዚህ ዑለማ የከለከሉትንም የፈቀዱትንም አንብበው ነው። የእኛ ከልካይ ግን ብዙውን ጊዜ የከለከለውን አላነበበም። ሳያነብ የሚያወድስና ሳያነብ የሚያወግዝ ሁለቱም የሐሰት ምስክሮች ናቸው፤ ልዩነታቸው የተሰለፉበት ጎን ብቻ ነው።

ደግሞም «አታንብቡ» የሚል ዝርዝር ብቻ ያለው ሰው አንባቢ አያፈራም። ልጁ የተከለከለውን ስም በቃሉ ይዞ፣ የተፈቀደውንም ሳያነብ ያድጋል። እንዲህ ያለ ወጣት ስንት አይተናል! ስለ ሃያ ሊቃውንት ይፈርዳል፤ የአንዳቸውንም ኪታብ ከፍቶ አያውቅም።

ቡፌ ውስጥ የተቆለፈ ዕውቀት

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ሳሎናችን ቡፌ አለ። ከብርጭቆው በላይ፣ ከመስታወቱ ኋላ፣ በወርቅ ቀለም የተጻፉ ጥራዞች ቆመዋል። እንግዳ ያያቸዋል። ልጁ ሊነካቸው ቢነሳ «ተው፣ ታቆሽሻለህ!» ይባላል። ከዚያ ተመልሰን «የዘንድሮ ልጅ ማንበብ አይወድም» እንላለን።

አባት ሆይ! ልጅህ አንተን መጽሐፍ ይዘህ ያየህ መቼ ነው? እናት ሆይ! ፊደል ባትቆጥሪም እንኳን «እስቲ አንብብልኝ» ብለሽው ታውቂያለሽ? ልጅ ጮክ ብሎ ለእናቱ ሲያነብ የሚገባውም የማይገባውም ወዲያው ይለያል። አንድን መጽሐፍ ለቤተሰብ ይሆናል አይሆንም ለማለት ከዚህ የተሻለ መፈተኛ አላገኘሁም።

«መጽሐፍ ተወደደ» የሚል መልስ ይመጣል። እውነት ነው፤ ተወዷል። ነገር ግን አምስት ጎረቤታሞች በየሁለት ወሩ አንድ አንድ መጽሐፍ ገዝተው ቢዋዋሱ፣ እያንዳንዱ ቤት በዓመት ስድስት ገዝቶ ሠላሳ ያነባል። በመስጊዳችን ጥግ አንዲት ቁምሳጥንና አንድ የውሰት መዝገብ ለማቆምም ብዙ ወጪ አያስፈልግም። አዲስ አበባ ያሉትም በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የተከፈተውን አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለልጆቻቸው ያሳዩ። ስለዚህ በብዙ ቤት የጎደለው ከብሩ ይልቅ ሐሳቡ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ወቀሳ ብቻ ጽፎ መሄድ ሌላ ጥፋት ነውና፣ ከዚያች ልጅ በኋላ ለራሴ ግዴታ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። «አንብብ» ከማለቴ በፊት አራት ነገር እጠይቃለሁ።

አንደኛ፦ እኔ አንብቤዋለሁ ወይ? ካላነበብኩት «አላነበብኩትም፤ እገሌ ግን አንብቦታልና እሱን ጠይቀው» እላለሁ። ይህን ማለት ነውር የለበትም። የማያውቁትን አላውቅም ማለት የዑለማ አደብ ነው።

ሁለተኛ፦ ጠያቂው መጨረሻ የወደደው የትኛውን ነው? የወደደው ነገር የቀጣዩ ምልክት ነው። የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሕይወት የወደደ ልጅ ሰፋ ያለ ሲራ ይሰጠው። በዚህ ረገድ የሶፊዩ ረሕማን ሙባረክፉሪ «አር-ረሒቁል መኽቱም» በራቢጧ የሲራ ውድድር አንደኛ የወጣ ነው፤ ለበሰለ ተማሪም የሚከብድ አይደለም። አርባውን ሐዲስ የጨረሰ ደግሞ ሩቅ አይሂድ። ያሰባሰቡት ኢማሙ ነወዊይ (በ676 ዓ.ሂ. የሞቱ) ራሳቸው ቀጣዩን አዘጋጅተውለታል። «አርባው» በእርግጥ ሲቆጠር 42 ሐዲስ ነው፤ «ሪያዱ-ሷሊሒን» ወደ 1,900 ገደማ ነው። በየርዕሱ ስለተከፋፈለ በየምሽቱ ጥቂት ጥቂት እያሉ ቤተሰብ አንድ ላይ ሊያነበው ይችላል።

ሦስተኛ፦ መጽሐፉ ራሱ ታማኝ ነው ወይ? ተርጓሚው ስሙን ጽፏል? ሐዲሱን ከየት እንዳመጣው፣ ሶሒሕ ይሁን ዶዒፍ ይናገራል? ወይስ «ተብሏል» እያለ ያስፈራራል? ጥሩ መጽሐፍ ምንጩን አይደብቅም። እንዲያውም ቀጣዩን መጽሐፍ ለማግኘት ከሁሉ የሚቀለው መንገድ ይህ ነው፤ የወደዳችሁት ደራሲ ደጋግሞ የሚጠቅሰው ማንን እንደሆነ አይታችሁ ወደዚያ ሂዱ።

አራተኛ፦ አንብቦ ሲመጣ ማን ይሰማዋል? መጽሐፍ ሰጥቶ መጥፋት ዘርቶ እንዳለመኮትኮት ነው። «የት ደረስክ? ምኑ አስቸገረህ?» የሚል ሰው ከሌለ ጥሩው መጽሐፍም ቡፌ ውስጥ ይገባል። ከበደው ካለን ደግሞ «ተወው፤ መጽሐፉ ገና ነው እንጂ አንተ ደካማ አይደለህም» እንበለው። ይህችን አንዲት ቃል በጊዜዋ ባለመናገሬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ውድ አንባቢያን! ያቺ ልጅ ዘንድ ሄጃለሁ። «ያን መጽሐፍ ሳላነበው ነበር የመከርኩሽ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ዐፉ በዪኝ» አልኳት። አባቷ ባለበት ነው የነገርኳት፤ እሱም ልጁን ሰነፍ ናት ብሎ ነበርና። ሁለት ጊዜ ያነበብኩትን አንድ ቀጭን መጽሐፍም ሰጠኋት። በሁለት እጇ ተቀበለችኝ፣ አመሰገነችኝም። እስካሁን ግን ተመልሳ «ቀጥሎስ?» አላለችኝም። ያን ጥያቄ እየጠበቅሁ ነው።

በእናንተም ቤት ይህን የሚጠይቅ ልጅ አለ። ዛሬ ማታ ሊጠይቅ ይችላል። ሲጠይቃችሁ አትቸኩሉ፣ ለመታየትም አትመልሱ። ያነበባችሁትን ብቻ መስክሩ፤ ካላነበባችሁ «ና አብረን እንፈልግ» በሉት።

አላህ (ሱ.ወ.) ጠቃሚ ዕውቀት ይወፍቀን፣ ከማይጠቅም ዕውቀትም ይጠብቀን፤ ለልጆቻችንም እውነተኛ መስካሪዎች ያድርገን። አሚን! ወላሁ አዕለም።